ፊደል በጆሮ ብቻ አይገባም

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ስለ ሥራሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ሠንጠረዥና ቁጥር ይዤ ለመምጣት ነበር። ኋላ ተውኩት። ቁጥሩን ከእኔ በላይ የምታውቁት እዚህ ተቀምጣችኋል። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ ስሕተቴ ነው፤ ስሕተቴ ስላስተማረኝም ነገር።

ጉዳዩ የትንንሽ ልጆች ጉዳይ ነው። መስማት የተሳናቸው ወይም በከፊል ብቻ የሚሰሙ ልጆች ማንበብን እንዴት ይጀምራሉ? «ይሄ የመምህራን ሥራ አይደለም እንዴ? ሐኪም ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ተመርቄ በወጣሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ራቅ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ስሠራ፣ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። «ዶክተር፣ ልጄ አይናገርልኝም» አለችኝ። ጆሮውን አየሁት። ንጹሕ ነው፤ ታምቡሩም ደኅና ነው። ከኋላው ቆሜ አጨበጨብኩ። ዞር አለ። «ይሰማል» አልኩ። ቀጥዬም ሁላችንም የምናውቃትን ቃል ተናገርኩ፦ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው። አይዞሽ፣ ይናገራል።» እናትየዋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ደስ ብሏት ሄደች።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ደብረ ማርቆስ ድረስ ፈልጋኝ መጣች። በእጇ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዛለች። ለምዝገባ የወሰደችው ትምህርት ቤት መምህር «ይህ ልጅ የሚሰማ አይመስለኝም፣ ሐኪም ይየው» ብሎ የጻፈላት ነው። ልጁ በደንብ ሲመረመር በሁለቱም ጆሮው ከባድ የመስማት ችግር እንዳለበት ታወቀ። ታዲያ ያን ጊዜ ሳጨበጭብ ለምን ዞረ? ጥላዬን አይቶ ይሆናል። የእጄ ንፋስ አንገቱን ነክቶት ይሆናል። ጆሮው የማይረዳው ልጅ በዓይኑና በቆዳው ንቁ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ንቃቱን መስማት ነው ብዬ ቆጠርኩት።

ልጁ ብልህ ነው። ላም ለማለት ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ ያቆማል። እናቱን ለማለት የሻሿን አስተሳሰር ያሳያል። በጎቹን ሲመልስ አንዷ ብትጎድል ወዲያው ያውቃል። ግን ስም እንዳለው አያውቅም። ሰው ሁሉ ስም እንዳለው አያውቅም። ትናንትን ከነገ የሚለይበት መንገድ የለውም። «ለምን?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ መጠየቂያው አልተሰጠውማ።

እናቱ «እርስዎ እኮ ይናገራል ብለውኝ ነበር» አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም። ቃሌን አምና አምስት ዓመት ስትጠብቅ ነበር።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንላለን። በዚህ ችግር ደግሞ ባዳው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም ሐኪሙም ወሬውን የሚሰሙት መጨረሻ ላይ ነው።

እንግዲህ ጎጃም ውስጥ ፊደል እንዴት እንደሚገባን አስቡት። ያደግነው ዲማ፣ ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል እየሰማን ነው። ትልልቆቹ ደራሲዎቻችን ሳይቀሩ፣ ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ፣ የወጡት ከእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ነው። የኔታ ይላሉ፣ ልጁ ይቀበላል። ፊደል ይቆጠራል፣ ንባቡ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይለያል፣ ዜማው በጆሮ ይያዛል፣ ቅኔው በቃል ይዘረፋል። ዛሬም አንደኛ ክፍል ብትገቡ ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲል ነው የምትሰሙት። ይሄን ልነቅፍ አይደለም፤ እኔንም ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው። ግን በሩ ጆሮ ነው። ጆሮው የማይሰማ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ የጓደኞቹን አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ያያል።

ቋንቋችንም አልማረውም። «ደንቆሮ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ጆሮው የማይሰማ፤ ደግሞም የማያውቅ። ለሁለት ነገር አንድ ቃል። አያቶቻችን ከክፋት ያመጡት አይመስለኝም፤ ዕውቀት ሁሉ በጆሮ ይገባ በነበረበት አገር የማይሰማ ሰው ሳይማር ይቀር ስለነበረ ይመስለኛል። ያላስተማርነውን ሰው አላወቀም ብለን ሰደብነው። «መስማት የተሳነው» የሚለውን አነጋገር ስንጠቀም ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ነገሮች ለመለያየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ለልጁ ምን እንደጎደለው ሳስብ መጀመሪያ የመጣልኝ «ፊደል አልቆጠረም» የሚል ነበር። ተሳስቻለሁ። የጎደለው ፊደል አይደለም፣ ቋንቋ ነው።

ማንበብ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ምልክቱን ማወቅ ነው፤ ይህ «ዳ» ነው፣ ይህ «ቦ» ነው ማለት። ሁለተኛው «ዳቦ» የሚባል ነገር በልቡ ውስጥ ቀድሞ መኖሩ ነው። የሚሰማ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሁለተኛው ሞልቶለታል። እንዲያውም መስማት የጀመረው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል ሲጠጣ ኖሮ ነው ፊደል የሚቆጥረው። የእኔ ታካሚ ግን ባዶ ጎተራ ይዞ ነው የመጣው። 231ዱንም ፊደል ቅርጻቸውን ሊገለብጥ ይችላል፤ እጁም ያምራል። ግን ከቅርጹ ጀርባ የሚጠብቀው ቃል የለም።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ይጠብቃል፣ ይላላል፤ መጥበቁና መላላቱ ግን አይጻፍም። «ገና» ብዬ ብጽፍ በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልደረሰም» የሚለው? «አለ» ብል ተናገረ ማለት ነው ወይስ አለ፣ ይገኛል? «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋና ጸሐፊ? የሚሰማ ልጅ ቃሉን ከዚህ ቀድሞ በጆሮው ስለሚያውቀው ሳያስበው ያስተካክለዋል። የማይሰማው ልጅ ግን ከዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው የሚያገኘው፤ ትርጉም ለማግኘት ደግሞ ቋንቋ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ወይም ሰ እና ሠ፣ እኛን በጆሮ አንድ እየሆኑ ሲያምታቱን ኖረዋል። ቃልን በዓይኑ ለሚይዝ ልጅ ግን መልካቸው የተለያየ ነው፤ አንድ ናቸው ብሎ የሚያሳስተው ድምፅ የለም። ስለዚህ ፊደላችን ለእሱ የማይደፈር ተራራ አይደለም። መውጫው መንገድ ነው የሚለየው።

ለዚህ መንገድ ደግሞ መሣሪያ አለን፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም እንጂ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ የጣት ፊደል አለው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ድምፆች የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ማለትም «በ፣ ቡ፣ ቢ» ላይ ቅጥያው የሚሠራውን ሥራ እዚያ እንቅስቃሴው ይሠራዋል። መጀመሪያ ሳየው ተደንቄ ቀረሁ። የኔታ በድምፅ የሚያወርዱት ፊደል እጅ ላይ ይወርዳል። ልጁ የሚያየው ነገር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል።

«ምልክት ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚል ፍራቻ አለ። ቤተሰብ ይፈራል፣ ሐኪምም ይፈራል፤ እኔም ለወላጆች እንደዚያ ብዬ አውቃለሁ። አእምሮ ግን ቋንቋን የሚፈልገው በጆሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሎራ አን ፔቲቶና ፖላ ማረንቴት የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ምልክት ቋንቋ የሚናገሩ ወላጆች ያሏቸው መስማት የተሳናቸው ሕፃናት በእጃቸው እንደሚንተባተቡ አሳይተዋል። የሚሰማ ሕፃን «ባባባ» እንደሚለው፣ እነዚህ ደግሞ ትርጉም የሌላቸውን የእጅ ቅርጾች እየደጋገሙ ይጫወታሉ። ቋንቋ ያገኘ አእምሮ ሌላ ቋንቋ ለመጨመር መሠረት አለው። የሚጎዳው ምልክት መማር አይደለም፤ የሚጎዳው ሁለቱንም ሳያገኝ ዓመት ማለፉ ነው። የመስሚያ መሣሪያ የሚያገኝ ልጅ መልካም፣ ያግኝ፤ ባትሪው ያልቃል፣ ጆሮው ሲያድግ ቅርጹ ይጠበዋል፣ ይበላሻል። መሣሪያው እስኪመጣም ሆነ እስኪጠገን ቋንቋው መቆም የለበትም።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። የመስማት ምርመራን በተመለከተ ዓለም የተቀበለው ደንብ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ወር መለየት፣ በሦስተኛው ወር ማረጋገጥ፣ በስድስተኛው ወር እገዛ መጀመር። የእኔን ታካሚ ያረጋገጥነው በሰባት ዓመቱ ነው። መሣሪያ በሌለበት ይህን ደንብ እንፈጽም አልልም። ግን የዘጠኝ ወርና የአሥራ አምስት ወር የኩፍኝ ክትባት አለን። በእነዚያ ሁለት ቀኖች እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ያን ቀን ሦስት ነገር ብንጠይቅስ? በሩ ሲንኳኳ ወይም ውሻ ሲጮኽ ይደነግጣል? ሳያይሽ ስትጠሪው ይዞራል? «ባባ»፣ «ማማ» እያለ ይጫወታል? አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ይመርመር። ደግሞ እባካችሁ አጨብጭባችሁ አታሰናብቱ።

ለምን ያን ያህል ትጨነቂያለሽ ካላችሁ፣ በዓለም 34 ሚሊዮን ያህል ልጆች እገዛ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ከልጆች የመስማት ችግር 60 በመቶው መከላከል ይቻል ነበርም ይላል። መንስኤዎቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ያልታከመ የጨቅላ ሕፃን ቢጫነት፣ ክብደት ሳይለካ የሚሰጥ ጀንታማይሲን፣ «ያድጋል ይተወዋል» ተብሎ ዓመት የሚፈስ ጆሮ። በ2004 ዓ.ም. የገባው የኒሞኮካል ክትባት የሳንባ ምች ክትባት ብቻ አይደለም፤ የጆሮም የንባብም ክትባት ነው። የሚፈስ ጆሮ ያለበት ልጅ ሙሉ በሙሉ አይደነቁርም፤ ግማሽ ይሰማል። ከሩቅ የተነገረው ያመልጠዋል፣ ጫጫታ ባለበት ክፍል ቃሉ ይቆራረጥበታል። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይለዋል። ጆሮው ታክሞ፣ ደርቆ፣ ፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥ ምናልባት ስንፍናው ያኔውኑ ይድናል።

አሁን ስለ ሁለተኛዋ ልጅ ልንገራችሁ። የዚች ታሪክ ትንሽ ይሻላል። በአንድ ዓመት ከአራት ወሯ ማጅራት ገትር ይዟት ተኛች። ዳነች። ከስሕተቴ ተምሬ ስለነበር የመስማት ምርመራ ሳይደረግላት አትወጣም አልኩ። መስማቷ ሄዷል። ለእናቷ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አያችሁ፣ ያኔ «ይናገራል» ያልኳት እናት ይሄን ለመጠየቅ ዕድል አላገኘችም።

መልሱን እኔ አላውቀውም ነበር። የሚያውቀው በልዩ ክፍል ተምሮ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ ራሱ መስማት የተሳነው አንድ ወጣት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመረ። እናትየዋ ማንበብ አትችልም። አምስተኛ ክፍል የምትማር ታላቅ እህት አለች። በዚያ ቤት ምን እንደተደረገ ልንገራችሁ፤ ገንዘብ አልጠየቀም።

መጀመሪያ ብርሃን ነው። ጭስ በሞላበት ማድ ቤት እጅ አይታይም። ስለዚህ ከልጅቷ ጋር ሲያወሩ ወደ ደጅ ይወጣሉ ወይም በሩን ይከፍታሉ፤ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ከዓይኗ ልክ ዝቅ ብለው።

ሁለተኛ ፋታ ነው። የሚሰማ ልጅ ሥዕሉን እያየ ድምፅ ይሰማል። የማይሰማ ልጅ ሥዕሉንና እጃችሁን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። አሳዩት፣ ጠብቁት፣ ቀና ሲል ንገሩት። የብዙዎቻችን ስሕተት መቸኮል ነው።

ሦስተኛውን ሰንሰለት ብለን እንጠራዋለን። ዳቦውን ታሳያለህ፤ የዳቦን ምልክት በእጅህ ታሳያለህ፤ «ዳ» እና «ቦ»ን በጣት ፊደል ታወጣለህ፤ «ዳቦ» የሚለውን ጽሑፍ ትጠቁማለህ፤ ተመልሰህ ዳቦውን ትሰጣታለህ። ትበላዋለች። አንድ ቃል በአምስት መንገድ ገባ ማለት ነው።

አራተኛ ስሟ ነው። ደብተሯ ላይ፣ የልብሷ መስቀያ ላይ፣ የምትቀመጥበት በርጩማ ላይ። ከዚያም ጨው፣ ስኳር፣ በር።

አምስተኛ የቀኑ ወሬ ነው። ማታ ማታ ሦስት ሥዕል ይሥላሉ፤ ገበያ ሄድን፣ ዶሮ ገዛን፣ ዶሮዋ አመለጠች። እናት ትሥላለች፤ ለመሣል ፊደል አያስፈልግም። እህት ከሥሩ አንድ መስመር ትጽፋለች። በማግስቱ ልጅቷ ሥዕሉን ይዛ ለአያቷ ትተርካለች። ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እንዳለው የምትማረው እንዲህ ነው። ተረት የሰማ ልጅ ይህን በነፃ ያገኘዋል።

ሁሉ ነገር ተሳካ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጅቷ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው የምታነብ፣ ረጅም ዐረፍተ ነገር ያስቸግራታል። ግን አንድ ቀን እናቷ ይዛት ወደ ክሊኒካችን ስትመጣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እናትየዋ ልትገፋ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ቀሚሷን ያዘችና ወረቀቱን ጠቆመች፤ በእጇም «ዝግ ነው» አለቻት። በማግስቱ ተመልሳ ስትነግረኝ እናትየዋ እየሳቀች ነበር፤ «ዶክተርዬ፣ እኔ ያላነበብኩትን እሷ አነበበችልኝ» አለች።

ወንዱን ልጅስ? በስምንት ዓመቱ ልዩ ክፍል ገባ። አሁን ጎረምሳ ነው። በምልክት ጥሩ ያወራል፤ ስሙን፣ የሰፈሩን ስም፣ አጭር መልእክት ይጽፋል። መጽሐፍ ግን ይከብደዋል። መምህሩ ይተጋል፣ እሱም ይተጋል። ያ አምስት ዓመት ግን አልተመለሰም፤ እኔ የወሰድኩበት ዓመት ነው።

ወገኖቼ፣ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ብሔራዊ ማኅበራቸውን ካቋቋሙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አዲስ አበባ መካኒሳ፣ ሆሳዕና፣ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ስታጸድቅ ምልክት ቋንቋ የመማርን መብት ተቀብላለች። ዕውቀቱ በአገር አለ ማለት ነው። ከእኛ ደጋ ግን መካኒሳ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ። የአራት ዓመት ልጅ ከእናቱ ተነጥሎ ያን መንገድ ሊሄድ አይገባም። ዕውቀቱ ነው ወደ እሱ መምጣት ያለበት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መምህራኖቻችን፣ ለሕክምና ተማሪዎቻችሁ አንድ ቀን ስጡልን፤ ያን ቀን የሚያስተምራቸው መስማት የተሳነው ሰው ይሁን። ለሚያክሙት ልጅ «ስምህ ማን ነው?» ማለትን ተምረው ይውጡ። በየጤና ተቋሙ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ሪፈር ስትጽፉ ከምርመራው ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ቋንቋ በማን፣ ከመቼ ጀምሮ?» መስመሩ ባዶ ከሆነ ሕክምናው አላለቀም። ሦስተኛው ለማኅበራችን ነው። በየባቹ የምናዋጣው ገንዘብ አለ። አንድ ባች አንድ መስማት የተሳነው ወጣት ቀጥሮ ለአንድ ወረዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት ቢልክ፣ ለልጆቹም ቋንቋ ነው፣ ለወጣቱም ሥራ ነው። የእኛ ባች ዘንድሮ ይጀምራል፤ ትናንት ማታ ተነጋግረናል፣ እዚህ ስለተናገርኩት ደግሞ ማፈግፈግ አይቻልም።

ለእናቶች «ይናገራል» ማለት ትቻለሁ። አሁን የምለው «እስኪ እንየው፤ እስከዚያው ግን አንቺ አናግሪው፣ በእጅሽም ቢሆን» ነው።